የሚጻፍ ሲጠፋ እንዴት ይጻፋል? መሐል አዲስ አበባ ለሚውል ጸሐፊ የተዘጋጀ መመሪያ

መጻፍ ግድ ሆኖ የሚጻፍ የሚጠፋበት ቀን አለ። ሳምንታዊ ዓምድ ያለበት ሰው፣ ለእድሩ በዓል ንግግር አዘጋጅ የተባለ ጸሐፊ፣ ካልጻፈ የዋለ የማይመስለው ወጣት፣ ሁሉም እዚያ ይደርሳሉ። ይህ መመሪያ ለዚያ ቀን ነው። አንድ ደብተር፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ የሚያስኬድ ጫማና በቀን አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

"የምለው የለኝም" የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ አይዋሽም። ስህተቱ ቀጥሎ በሚያደርገው ላይ ነው፤ የሚለው እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በቅኔ ቤት እንዲህ አይደረግም። ደቀ መዝሙሩ ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል (በልቡ አዲስ ቅኔ ይሠራል)፣ ሲመለስ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ በማግስቱ እንደገና ይወጣል። ጀማሪውም በረጅሙ መወድስ አይጀምርም፤ የሚነሳው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ነው። ሐሳብ ተሟልቶ ከጽሑፍ በፊት አይመጣም፤ በትንሽ መጠን፣ በየዕለቱ፣ ከተሰበሰበ ነገር ላይ በእጅ ይሠራል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በዚሁ እምነት ላይ የቆመ ነው።

1. በመጀመሪያ የጎደለውን ይለዩ

ወረቀት ላይ "ልናገረው የማልፈልገው ነገር" ብለው ይጀምሩና ለ5 ደቂቃ እጅዎን ሳያነሱ ይጻፉ። ይህን ገጽ ማንም አያየውም፤ ሲጨርሱ ቀደው ሊጥሉት ይችላሉ። እጅዎ ከፈጠነ፣ ፊደሉ ከተንጋደደ፣ የሰው ስም ከመጣ፣ የሚሉት ነገር አለዎት፤ የጎደለው ድፍረቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ርዕስ ፍለጋ መውጣት ከራስ መሸሽ ይሆናል። ስሙን ለውጠው፣ ሰፈሩን አዛውረው ያንኑ ይጻፉ፤ ወይም ለሚያምኑት ሰው በደብዳቤ መልክ ይጀምሩትና ለሕዝብ የሚወጣውን በኋላ ይምረጡ።

እጅዎ ከተጎተተና የወጣው ሁሉ የትም የሚሰማ ወሬ ከሆነ፣ የጎደለው የሚጻፍበት ጥሬ ነገር ነው። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው ነው፤ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍልም ስለ እሱ ነው።

ድካምም አለ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የሌላ ሰው አንቀጽ መገልበጥ እንኳ ይከብዳል፣ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ ይነበባል። ለዚህ የጽሑፍ ልምምድ አይረዳም። ይተኙ።

2. ዕቃና ቦታ

ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር ይግዙ። 100 ገጽ አለው፤ በቀን 2 ገጽ ቢጽፉ 50 ቀን ያህል ይበቃዎታል። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ የሚያምር፣ ውድ ደብተር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሰው የሚያምር ደብተር ላይ የማይረባ ነገር መጻፍ ይፈራል፣ እዚህ ደግሞ የማይረባ ነገር መጻፍ የሥራው ግማሽ ነው። ሰማያዊ እስክሪብቶ ለመጻፍ፣ ቀይ ለማረም። ለመንገድ ኪስ የምትገባ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይጨምሩ። በክረምት ከእስክሪብቶ ይልቅ እርሳስ ይያዙ፤ እርጥበት የነካው ወረቀት ላይ እስክሪብቶ እያንሸራተተ ይዘላል።

በስልክ መጻፍ የግድ ከሆነ ዳታውን ያጥፉ። ይሁንና ለመጀመሪያው ረቂቅ ወረቀት ይሻላል የምንለው መብራት ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። ስልክ ላይ መሰረዝ ቀላል ነው፤ ባዶነት ያስጨነቀው ሰው ደግሞ የጻፈውን ሁሉ ይሰርዝና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ነጭ ገጽ ላይ ይገኛል። ወረቀት ላይ የተሰረዘው ይነበባል። ብዙ ጊዜም ዋናው ነገር የሚገኘው ከተሰረዘው ውስጥ ነው።

ቦታ በመምረጥ ረጅም ጊዜ አይፍጁ። ጸጥታ ለሚፈልግ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት የሆነው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የቆየ ጋዜጣ ማገላበጥ ለሚፈልግ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲሄዱ መታወቂያ ይያዙ፤ ቦርሳ በር ላይ ሊያስቀምጡዎት ስለሚችሉ ደብተሩና እስክሪብቶው በእጅዎ ይሁኑ። ካፌ የሚመርጡ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ይግቡ፤ በምሳ ሰዓት አንድ ማኪያቶ ይዞ ጠረጴዛ ማቆየት ለአስተናጋጁም ለጸሐፊውም ጭንቀት ነው። ላፕቶፕ የሚከለክሉ ካፌዎች አሉ፤ ደብተር ግን ማንም አይከለክልም። ቆመው የሚጠጡባቸው የፒያሳ ማኪያቶ ቤቶች ለመጻፍ አይመቹም፣ ለመስማት ግን ይመቻሉ።

ሰዓቱ ይወሰን። ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ይሁን፣ ማታ ከ3 በኋላ፣ ለውጥ የለውም፤ በየቀኑ ያው ሰዓት መሆኑ ነው የሚጠቅመው። "ሲመቸኝ" የተባለ ሰዓት አይመጣም።

3. መሰብሰብ፦ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ለገሃር

ሐሳብ የሌለው ሰው ሐሳብ ፍለጋ አይውጣ፤ ነገር ፍለጋ ይውጣ። ከምኒልክ አደባባይ ተነስተው በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ይሂዱ። ቁልቁለት ስለሆነ አያደክምም፤ እየቆሙ ቢሄዱም ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ለገሃር ሲደርሱ ማስታወሻዎ ላይ 20 ነገር መኖር አለበት። ከ20 በታች ይዞ የሚመለስ ሰው እያሰበ ነው የሄደው፤ 60 ጽፎ የሚመለስ ደግሞ አላየም፣ ቆጠረ።

ከሚጻፈው 20 ነገር ቢያንስ 5ቱ ሰው የተናገረው፣ በተናገረበት ቃል ይሁን። ረዳቱ "አራት ኪሎ ሁለት ሰው የሞላ!" ካለ እንዲሁ ይጻፍ፤ "ረዳቱ ተሳፋሪ ይጠራል" ብለው ከጻፉት ማታ ሲያነቡት የሚነግርዎት ነገር የለም። 5ቱ ቁጥር ያለባቸው ይሁኑ፤ የሎሚ ዋጋ፣ የሰልፍ ርዝመት፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ። 3ቱ የተጻፉ ነገሮች፤ ታፔላ፣ የታክሲ መስታወት ላይ የተለጠፈ ጥቅስ፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" ከነፊደል ስህተቱ። የቀረው የታየ ነገር ነው። ለምሳሌ፦ "ሊስትሮ፣ ሳጥኑ ላይ የአርሴናል ስቲከር፤ ጫማ የሚያስጠርገው ልጅ የማንቸስተር ማልያ ለብሷል፤ አይነጋገሩም።" ይህን ያህል ይበቃል። ቅጽል አያስፈልገውም። "አሳዛኝ"፣ "ደማቅ"፣ "ውብ" የሚሉ ቃላት ማስታወሻ ላይ ከገቡ ማታ ሲያነቧቸው ስሜትዎን ይነግሩዎታል እንጂ ያዩትን አያመጡልዎትም።

በዚህ መንገድ ላይ ጀማሪን የሚያሰናክሉት ትልልቆቹ ሐውልቶች ናቸው። መነሻው ላይ በ1923 ዓ.ም. የቆመው የምኒልክ ሐውልት አለ፤ መንገዱን ሲጋምሱ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው ትግላችን አለ፤ መጨረሻው ላይ ጣልያን ወደ ሮም ወስዶት የነበረው የይሁዳ አንበሳ አለ። ጸሐፊው እዚያ ይቆምና ከትምህርት ቤት የሚያውቀውን ታሪክ ይገለብጣል፤ ገጹ ይሞላል፣ ሐሳብ ግን አልተገኘም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጀርባዎን ለሐውልቱ ሰጥተው በ2 ሰዓት ጠዋት ከፊቱ የሚያልፈውን ይጻፉ። ታሪኩ ካስፈለገ በኋላ ይገባል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ሁለት ጥንቃቄ። ቤተ መንግሥት አጥር፣ ፓርላማ በር፣ የጸጥታ ሰዎች ያሉበት ሕንፃ አጠገብ ቆመው አይጻፉ፣ ፎቶም አያንሱ። ያዩትን ይዘው ይለፉና ካፌ ገብተው ይጻፉት። ሰው ሲያነጋግሩ ደግሞ ደብተሩን ከኪስ አያውጡ። "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ" ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ ሥራቸውን ይጠይቁ፤ ሊጽፉት ከሆነም ይንገሯቸው። ያልፈቀዱትን ስም አያወጡም። ብዙ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ያፍራል፣ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ይከፈታል። "በዚህ ሥራ ሰው የማያውቀው ምን አለ?" የሚል አንድ ጥያቄ ከአሥር ጥያቄ ይበልጣል።

መውጣት የማይችሉ ከሆነ በቤትዎ የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። አምና ወይም ካቻምና የነበሩ፣ አሁን የሌሉ 10 ቦታዎችን ይዘርዝሩ። የፒያሳ ብዙ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ይህ ለመሐል ከተማ ሰው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ በሩ ወደየት ይዞር ነበር፣ ምን ይሸጥ ነበር፣ ማን ይቀመጥበት ነበር። የማያስታውሱትን ባዶ ይተዉት። ባዶውን የሚሞላ ሰው ማግኘት፣ ወይም ወመዘክር ሄዶ የዚያን ዘመን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የማስታወቂያ ገጽ ማየት፣ በራሱ የሚጻፍ ነገር ይወልዳል። ማስታወቂያው ከዜናው ይሻላል፤ ምን ጠፋ፣ ምን ተሸጠ፣ ማን ምን ይፈልግ እንደነበር እዚያ ነው ያለው። "ደጉ ዘመን" የሚል ሐረግ ከብዕርዎ ሲወጣ ግን ያቁሙና ወደ በሩ፣ ወደ ዕቃው፣ ወደ ሰውየው ይመለሱ። ናፍቆት ብቻውን ገጽ ይሞላል እንጂ ለአንባቢ የሚያቀብለው የለም።

4. 25 ደቂቃ

ማስታወሻውን ከፊትዎ ዘርግተው ከ20ው አንዱን ይምረጡ። ትልቁን አይምረጡ፤ ለምን እንደጻፉት ራስዎ የማያውቁትን ይምረጡ። ስልክዎ ላይ 25 ደቂቃ ይሙሉና ይጀምሩ። 2 ገጽ ይበቃል።

ሕጉ ሁለት ነው፤ አይሰረዝም፣ አይቆምም። የሚጻፍ ሲጠፋ ግን አንድ ቃል እየደጋገሙ ገጹን አይሙሉት። "እዚህ ጋ ቆምኩ፣ ምክንያቱም" ብለው ይቀጥሉ። ይህች ሐረግ በጣም ትረዳለች። ሰው የሚቆመው ወይ የማያውቀው ነገር ላይ ሲደርስ ነው፣ ወይ የሚያውቀውን መናገር ሲፈራ ነው፤ "ምክንያቱም" ከሁለቱ አንዱን ታስወጣለች። "እዚህ ጋ ቆምኩ፣ ምክንያቱም የዚህን ሰውዬ ሥራ ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም" ካሉ፣ ነገ የሚጠየቅ ጥያቄ አገኙ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ቢሆንም ያቁሙ። እንዲያውም መሐል ላይ ቢሆን ይመረጣል። ከጋገሩት ሊጥ እርሾ እንደሚተርፈው፣ ያልተቋጨው ዓረፍተ ነገር የነገው መነሻ ነው። ከ25 ደቂቃ በላይ መቀጠል የሚመከረው እጅ ራሱ ሲሮጥ ብቻ ነው። ያለዚያ ከ25 ደቂቃ በኋላ የሚወጣው ጽሑፍ ቀጣዩ ክፍል የሚያወራለት ዓይነት ነው።

5. ገጽ የሚሞሉ፣ ምንም የማይሉ ዓረፍተ ነገሮች

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ አማርኛ የሚጽፍ ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነውና። የሚለው የሌለው ጸሐፊ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ቋንቋችን ግን ምንም ሳይሉ ረጅም የሚያስኬዱ ሐረጎች ሞልተውታል፤ ከስብሰባ፣ ከዜና፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እየወረሱ የመጡ። "እንደሚታወቀው"፣ "ከጊዜ ወደ ጊዜ"፣ "በአሁኑ ሰዓት"፣ "ከመሆኑም ባሻገር"፣ "ከዚህ አንፃር"፣ "በሚባል ደረጃ"፣ "ትልቅ ሚና ይጫወታል"፣ "እየተሠራ ይገኛል"። ሌላው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የሚመጡት ናቸው፤ ሰላምና ፍቅር፣ ችግርና መከራ፣ ወግና ባህል። ሁለተኛው ቃል ለመጀመሪያው የጨመረው ነገር ከሌለ ይውጣ።

ይህን ይመልከቱ፦

"በአሁኑ ሰዓት በመዲናችን የሚታየው የትራንስፖርት ችግር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተባባሰ ከመምጣቱም ባሻገር በነዋሪው ላይ ከፍተኛ እንግልትና መጉላላት እየፈጠረ ይገኛል።"

ሰዋስው አልጎደለውም። ዛሬም፣ ከአሥር ዓመት በፊትም፣ ለየትኛውም ከተማ ሊጻፍ ይችል ነበር፤ ችግሩ እሱ ነው። ጸሐፊው ቤቱ ተቀምጦ ነው የጻፈው። አሁን ይኼን፦

"ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ አራት ኪሎ። ሰልፉ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ተነስቶ ጥጉን ዞሯል። ከፊቴ ያሉት እናት ዘንቢላቸውን በእግራቸው እየገፉ ይራመዳሉ፤ እጃቸው ላይ ሕፃን አለ።"

ሁለተኛው ስለ ትራንስፖርት ችግር አንድም ቃል አላለም፤ አንባቢው ግን ሰልፉ ላይ ቆሟል። ከዚህ በላይ ደግሞ ጥያቄ ይወልዳል። እናቲቱ ከየት ነው የሚመጡት? ሕፃን ለያዘች ሴት ተራ የሚለቅ አለ? ሰልፉን ማነው የሚያስከብረው? ተራ አስከባሪዎቹን ማን ይከፍላቸዋል? እዚህ ጋ ጸሐፊው ባዶ እጁን እንዳልሆነ ያውቃል። ተራ አስከባሪዎች ማን ናቸው የሚለው ብቻ ሙሉ መጣጥፍ ይወጣዋል፤ የሚጠየቁትም ሰዎች እዚያው ሰልፉ ራስ ላይ ቆመዋል።

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ጥያቄ ይፈትሹ፤ ማን? የት? ስንት? አንዱንም የማይመልስ ዓረፍተ ነገር ከሁለት አንዱ ይደረግ፤ ወይ ይውጣ፣ ወይ ወደ መንገድ ተመልሰው መልሱን ያምጡለት። አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሐሳብ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ትክክል ነው፤ ግን በአንድ ገጽ ከሁለት አይብለጥ።

ተረትና ምሳሌም ገጽ መሙያ ይሆናል። "አበው ሲተርቱ" ብሎ መጀመር ከራስ ፋንታ አበውን ማናገር ነው። ተረት የሚጠቅመው ሲከራከሩት ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን ይውሰዱና ይጠይቁት፤ ሎሚውን የሚያከፋፍለው ማነው? አንዱ ሎሚውን ይዞ ቢቀርስ? ከዚህ ስለ እድር ዳኛ፣ ስለ እቁብ ሰብሳቢ፣ ስለ ድንኳን አስቀማጭ መጻፍ ይቻላል። የሚጻፍ በጠፋ ቀን አንድ ተረት መርጦ የማይሠራበትን አጋጣሚ መጻፍ ጥሩ የ25 ደቂቃ ሥራ ነው።

ሌላው ልምምድ ቅርጽን አስቀድሞ መወሰን ነው። ግጥም የሚጽፍ ሰው ወል ቤትን፣ ማለትም ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚከፈለውን የግጥም ልክ፣ ይዞ ሁለት ስንኝ ብቻ ይሥራ፤ በጭብጨባ እየለካ፣ ቤት እየመታ። ምቱ ቃል ይመርጥለታል፤ ያልጠበቀው ቃል ያልጠበቀውን ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ስድ ንባብ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በትክክል 100 ቃል ይወስን፤ 99ም 101ም አይሁን። ሁለቱም ከሐሳብ ጭንቀት ወደ እጅ ሥራ ያሻግራሉ።

6. ለማን?

በአማርኛ ለማን እንደሚናገሩ ሳይወስኑ ሰው ማናገር አይቻልም፤ ግሡ ራሱ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ብሎ ያስገድዳል። ይህን ይጠቀሙበት። ጽሑፉ አልሄድ ሲል ለሚያውቁት አንድ ሰው ደብዳቤ አድርገው ይጀምሩት። "ይድረስ ለእትዬ" ካሉ ብዕርዎ ይታረማል፣ ማብራሪያ ይረዝማል፣ ስድብ ይጠፋል፤ ለእኩያ ጓደኛ ከሆነ የማይነገረው ይነገራል፣ የሚታወቀው ይዘለላል። ያንኑ ነገር ለሁለቱም ጽፈው ቢያወዳድሩ በአንዱ ደብዳቤ ያለ፣ በሌላው የሌለ አንቀጽ ያገኛሉ። ብዙ ጊዜ የመጣጥፉ ልብ ያ አንቀጽ ነው። ሲያልቅ ሰላምታውን ያነሳሉ፤ ድምፁ ግን ይቀራል።

"ለውድ አንባቢያን" ተብሎ የተጀመረ ረቂቅ ይህን ጥቅም አይሰጥም፤ ውድ አንባቢያን የሚባል ፊት የለም።

7. ቀዩ እስክሪብቶ

የጻፉትን በዚያው ሰዓት አያንብቡ። ጠዋት የተጻፈ ማታ፣ ማታ የተጻፈ ጠዋት ይነበብ። በቀዩ የሚሰመርበት ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለው መስመር ብቻ ነው። ከ2 ገጽ አንድ ወይም ሁለት መስመር ቢገኝ ሥራው ተሳክቷል። ምንም ካልተገኘ ደብተሩን ይዝጉና ነገ ይቀጥሉ። በተከታታይ ሦስት ቀን ምንም ካልተሰመረ ግን ጥሬ ነገር አልቋል፤ ወደ መንገድ ይመለሱ።

የተሰመረውን መስመር በአዲስ ገጽ ራስጌ ላይ ገልብጠው ጥያቄ ይጠይቁት። ከመቼ ጀምሮ? ማን ይጠቀማል? ማን ያጣል? ማን ይከፍላል? "ማን ይከፍላል" ለመሐል ከተማ ጽሑፍ ከሁሉም ይበልጥ ፍሬ የሚሰጥ ጥያቄ ነው። አዲስ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ የተተከለ መብራት፣ ከበሩ የተነሳ የጀብሎ ንግድ፣ እያንዳንዱ የከፈለ ሰው አለው። መልሱን የሚያውቁት ይጻፋል፤ የማያውቁት ይጠየቃል፤ የሚጠየቅ ሰው ያልተገኘለት ይተዋል።

ከዚያ መጣጥፉን ይገንቡት፤ የተሰመረው መስመር መጀመሪያ፣ የጥያቄዎቹ መልስ ቀጥሎ። ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሰሚውን ያንጠለጥላል፤ "ነው" ላይ ሳይደርሱ ትንፋሽዎ ካለቀ ይቁረጡት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት "የሚ" ከተደረደሩም እንዲሁ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጅዎ ሸፍነው ከሁለተኛው ይጀምሩ፤ ትርጉሙ ካልጎደለ የመጀመሪያው ይውጣ። ሐሳብ ባጠረን ቀን መግቢያችን ይረዝማልና ይህ ፈተና ብዙ ጽሑፍ አትርፏል።

ዘመንና ሰዓት ይፈትሹ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ከፈረንጁ በ7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት እንለያለን። ሁሉንም በ8 የሚቀንስ ሰው የመኸርን ክስተት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ከውጭ ምንጭ የተገኘ ሰዓት ከሆነ የ6 ሰዓቱን ልዩነት አይርሱ።

8. ዛሬ ማታ መድረስ ካለበት

ቀነ ገደቡ ደርሶ እጅ ባዶ ከሆነ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያስፈልጋል። 30 ደቂቃ ውጭ ይውጡ፤ አራት ኪሎ ከሆኑ እስከ ስድስት ኪሎ አንድ ወገን ብቻ፣ 10 ነገር ይበቃል። ወይም በእነዚያው 30 ደቂቃዎች ሥራውን በሚገባ ለሚያውቅ አንድ ሰው ይደውሉና ያችን "ሰው የማያውቀው ምን አለ?" የምትለውን ጥያቄ ይጠይቁ። 25 ደቂቃ ይጻፉ። 15 ደቂቃ በቀዩ ያስምሩ፤ ዛሬ ማሳደር ስለማይቻል ቢያንስ ተነስተው ቡና ጠጥተው ይመለሱ። 50 ደቂቃ መጣጥፉን ይገንቡ። 20 ደቂቃ ድምፅ አውጥተው እያነበቡ ይቁረጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ እንደሚፈታ በማወቅ፣ በዚህ መንገድ የተሠራ ጽሑፍ ላይ ትልቅ ድምዳሜ አያስቀምጡ፤ ያዩትን፣ የሰሙትን፣ የጠየቁትን ብቻ ይዘው ይውጡ። 800 ቃል ተጠይቀው 300 ላይ ካለቀ ለአዘጋጁ ደውለው 300 መሆኑን ይንገሩ። አጭር ጽሑፍ ቦታ ይገኝለታል፤ በ"ከዚህ ባሻገር" የተለጠጠ 800 ቃል ግን አንባቢውን ለሚቀጥለው ሳምንትም ያሸሻል።

9. ደብተሩን መያዝ

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገጾቹን በቁጥር ይለዩ፤ ሽፋኑ ላይ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን ይጻፉ። የመጨረሻዎቹን 2 ሉኮች ለማውጫ ይተዉ። በቀይ በተሰመረ ቁጥር የገጹን ቁጥርና አንድ ቃል እዚያ ያስፍሩ፤ "14 ተራ አስከባሪ"፣ "22 የጠፋው ፎቶ ቤት"፣ "31 ሎሚ"። ደብተሩ ሲሞላ ማውጫው ላይ ተመሳሳይ ቃል ሦስት ቦታ ካገኙ ለሚቀጥለው ደብተር ከዚያ ይጀምሩ። አሮጌውን ደብተር አይጣሉ፤ ከክረምት ዝናብና ከአይጥ በሚጠበቅበት ቦታ፣ በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጡት።